ጎጆ ሊሠሩ ሄደው፦ በጥሊሊ በኩል ያለፈ ትውልድ

ጥሊሊ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ቡሬን ካለፈ በኋላ ብርዱ የመኪናውን መስኮት ሲያዘጋው እኛ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው። አብዛኛው መንገደኛ ከተማችንን የሚያውቃት በመስኮት ነው፤ ሻይ ለመጠጣት እንኳ የሚወርደው ወይ ቡሬ ወይ እንጅባራ ነው። እኛ ልጆቿ ግን መንገዱን አሳምረን እናውቀው ነበር። ፊደል ከቆጠርን በኋላ መጀመሪያ ያነበብናቸው ቃላት የመኪና ታፔላዎች ናቸው፦ ባሕር ዳር፣ ዳንግላ፣ ቻግኒ፣ ፓዌ።

በልጅ ጆሯችን ፓዌ ማለት ሰሊጥና ወባ ነበር። ሰው ለሥራ ይወርዳል፣ እየተንቀጠቀጠ ይመለሳል። ከዚያ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ምሽት በግቢ ጉባኤ የማኅበረ ቅዱሳን አመሠራረት ሲተረክ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከፓዌ መሆኑን ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርሁ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ የዘረጋው፣ ሐመርንና ስምዐ ጽድቅን የሚያሳትመው፣ አንዱ የሚያመሰግነው ሌላው ስሙን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁረው ያ ትልቅ ማኅበር፣ አንደኛው ሥሩ የሚመዘዘው እኔ በታፔላ ካነበብሁት ቆላ ነው። ተማሪዎቹ ወደዚያ የወረዱት ደግሞ ሊጸልዩ አልነበረም። ጎጆ ሊሠሩ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ በአጭሩ ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይነገርና ወደ ምሥረታው ይታለፋል። እኔ ግን ዛሬ እዚያች ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ልቆይ ነው። ሰው ሌላውን ሊያገለግል ሄዶ እምነት ይዞ እንዴት እንደሚመለስ፣ ከተመለሰስ በኋላ ምን እንደሚያስፈልገው ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ ታሪክ በአገራችን አላገኘሁም።

የ1977 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ በመብራትና በቀይ ባንዲራ አጊጣ ነበር። ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት እያከበረ ኢሠፓን መሠረተ። በዚያው ወር ወሎና ትግራይ ላይ ሰው እየረገፈ ነው። በጥቅምት የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለሙን አስደነገጠ፤ መንግሥትም ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻለም። መልሱ ሰፈራ ሆነ፦ ከሰሜን 1 ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ አንሥቶ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ላይ ማስፈር። ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ 600 ሺህ ገደማ ሰው ተጓጓዘ። ፈቅዶ የሄደ አለ። እህል ይታደላል ሲባል መጥቶ መኪና ላይ የተጫነ አለ። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያዩበትም አለ።

ከመድረሻዎቹ አንዱ የበለስ ወንዝ ሸለቆ ነው። ያኔ መተከል የጎጃም ክፍለ ሀገር አንድ አውራጃ ነበር፤ ዋና ከተማውም ቻግኒ። ፓዌ ላይ 80 ሺህ የሚሆን ሰው ሰፈረ፤ ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ኋላም ከከምባታና ከሐዲያ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የመጣው። መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ በቁጥር ተጠሩ፣ እስከ ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ።

ለዚህ ሁሉ ሰው ቤት ያስፈልጋል። ቤቱን እንዲሠሩ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተማሪዎች ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ እንዲዘምቱ ተደረገ። መዝመት የሚለው ቃል የእኔ አይደለም፤ የዘመኑ ነው። ለደርግ ሁሉም ነገር ዘመቻ ነበር። ማንበብና መጻፍ ማስተማር ዘመቻ፣ ምርት ማሳደግ ዘመቻ፣ ጎጆ መሥራትም ዘመቻ። ዘመቻ የጦር ቃል ነው፤ ለመዝመት ደግሞ ፈቃድህን የሚጠይቅህ የለም። ዛሬ የወጣቶች ጽሕፈት ቤት በየቲሸርቱ ላይ የሚጽፈው «በጎ ፈቃድ» ግን ከሌላ ቤት የመጣ ቃል ነው። በሉቃስ ወንጌል መላእክት ለእረኞች በዘመሩት መዝሙር ውስጥ ያለ ነው። አንዱ ቃል ከጦር ሰፈር፣ አንዱ ከቤተ ልሔም።

ታዲያ የፓዌው አገልግሎት በጎ ፈቃድ ነበር ወይስ ግዳጅ? ቀኑን ስናየው ግዳጅ ነው። ማታውን ስናየው ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ጎጆ መሥራት ለገጠር ልጅ ያደገበት ነው። ደብተር ለለመደ እጅ ግን ሌላ ነገር ነው። እንጨት መቁረጥ አለ፣ ጉድጓድ መቆፈር አለ፣ ምሰሶ ማቆም፣ ማገር ማሰር፣ ሳር ማጨድ፣ ከዚያ መክደን። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ለብቻው፣ ወባው ለብቻው። ሰፋሪው በረሃብ ያለቀ ደገኛ ነው፤ ወባ የማያውቅ ገላ ይዞ ወባ መሐል ገባ። ብዙ ሰው ሞተ። አንድ ጎጆ ማለት አንድ ቤተሰብ ነውና፣ ተማሪው ለማን እንደሚሠራ በዓይኑ ያየዋል። ቁጥር አይደለም የሚያየው፤ ቤቱ እስኪያልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ልጇን አቅፋ የምትጠብቅ እናት ነው።

ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በዩኒቨርሲቲው በኮርስ ይሰጥ ነበር። ያ ትምህርት ረሃቡ ከየት እንደመጣ የሚናገረው አያጣም፤ ስለ ፊውዳሊዝም፣ ስለ ምርት ግንኙነት ብዙ ብሏል፣ ከተናገረውም እውነትነት ያለው አለ። ሰው ሲሞት አይቶ ማታ ወደ ድንኳኑ ለተመለሰ የ20 ዓመት ልጅ የሚለው ግን አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያን መሳም እንደ ኋላ ቀርነት በሚታይበት በዚያ ዘመን በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ጥቂት ልጆች በመካከላቸው ነበሩ። የሚያውቁት ነገር ትንሽ ነው፦ አብሮ መቆም፣ መጸለይ፣ መዘመር። ምሽት ምሽት መሰባሰብ ጀመሩ። ከዚያ ሌላው ተጠጋ። ለዚያ ጸሎት ያዘዘ ካድሬ የለም፣ ስም የሚጠራ የለም፣ የቀረ አይቀጣም። ቀን በትእዛዝ ማገር ያሰሩ እጆች ማታ በፈቃዳቸው ተዘረጉ።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ስምዖን ቀሬናዊ ነው። በሰሙነ ሕማማት ስሙን ሰምታችሁታል። ከገጠር ሲመጣ ወታደሮች ይዘው መስቀል አሸከሙት፤ ፈቃዱን ማንም አልጠየቀውም። ወንጌላዊው ማርቆስ ግን አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፦ የእስክንድርና የሩፎስ አባት ነው ይለናል። የልጆቹን ስም ለምን ጻፈው? አንባቢዎቹ ልጆቹን ስለሚያውቋቸው ነው፤ ቤተሰቡ ምእመናን መካከል የታወቀ ስለሆነ ነው ይላሉ መተርጉማን። እንግዲህ ያ ሰው መስቀሉን ተገድዶ ቢሸከምም ቤቱ ሲገባ ብቻውን አልገባም። በግድ የተጫነ ሸክም የሚያደርሰው የራሱ ቦታ አለው፤ ጫኙ ያላሰበው ቦታ።

እዚህ ላይ ሰው ሊጠይቀኝ ይችላል፦ ችግር ያየ ሁሉ ያምናል ወይ? አያምንም። የራሳችን ታሪክ ምስክር ነው።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ግዴታው ነበር፤ አብዛኛው በአስተማሪነት። ያ ተማሪ ገበሬውን አየ፣ ጭሰኛውን አየ፣ ተመልሶም መሬት ለአራሹ ብሎ አደባባይ ወጣ። ቀጥሎ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀ። 60 ሺህ ገደማ ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ወጣ፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ጭምር። በየካቲት የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ገበሬውን በማኅበር ያደራጁት፣ አዋጁን ያነበቡለት እነዚህ ልጆች ናቸው። አገልግሎታቸው ውሸት አልነበረም። በእግራቸው ተጉዘዋል፣ ታመዋል፣ ከባላባት ጋር ተጋጭተው የሞቱም አሉ። ለገበሬው የነበራቸው ፍቅር ከፓዌዎቹ ፍቅር ያንሳል የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው ማን ነበር? በራሪ ወረቀት፣ የኅቡዕ ጥናት ክበብ፣ ለሁለት የተከፈለ ግራ፣ ከዚያ ነጭና ቀይ የሚሉት ሽብር። አዝኖና ተቆጥቶ የመጣ ልብ ተቀብሎ መሣሪያ የሚያስይዘው ብዙ ነበር፤ ተቀምጦ የሚያስተምረው ግን ጠፋ። ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ሰዓት ራሷ ተመትታ ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፣ ኋላም በእስር ተገደሉ። በንጉሡ ዘመን የተማሪው መሰባሰቢያ የነበረው ሃይማኖተ አበውም እንደ ቀድሞው መቀጠል አልቻለም። (በወንጌላውያን ዘንድ የዚያ ዘመን ተማሪ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ለሌላ ቀን ይቆየን።)

የ67ቱንም የ77ቱንም ሳስተያይ የማየው አንድ ነገር ነው። አገልግሎት ልብን ይከፍታል። የተከፈተ ልብ ውስጥ ማን እንደሚገባ ግን አገልግሎቱ ራሱ አይወስንም። ያ የሚወሰነው በር ላይ ቆሞ በሚጠብቀው ሰው ነው።

የ77ቱን ልጆች በር ላይ ከጠበቋቸው አንዱ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነበሩ። የሸዋው ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ የአብነቱንም ትምህርት የተማሩ፣ ውጭ አገር ሄደውም ዘመናዊውን ሥነ መለኮት የቀሰሙ አባት ናቸው። በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ዛሬም በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ አለ። ዝዋይ ላይ ገዳምና የካህናት ማሠልጠኛ አቋቋሙ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም በክረምት እየተቀበሉ ማስተማር ጀመሩ። ከዘመቻ የተመለሱት ተማሪዎች በየካምፓሳቸው አቅራቢያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት መሰባሰባቸውን አላቋረጡም ነበርና፣ ወደ ዝዋይ የሚያስኬድ ጥማት ይዘው ነው የሄዱት።

ይህን ነገር ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ጊዜውን አስቡት። ኢሠፓ አገሪቱን ይዟል፣ ጳጳስ ተማሪ ሰብስቦ ማስተማሩ በጥሩ ዓይን አይታይም። ሊቀ ጳጳሱ የፓዌውን እንባ እንደ እንባ አልተዉትም። ዶግማ፣ ሥርዓት፣ ታሪክ አስተማሯቸው፤ በስሜት የተጀመረውን ነገር ደብተር አስያዙት። እንባ እኮ ይደርቃል። ከፓዌ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፈተና ሲቀመጥ የበለስን ሙቀት መርሳቱ የማይቀር ነው። ያልረሳው የሚያስታውሰውና የሚመራው አባት ስላገኘ ነው። እሳቸው በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲያርፉ ያስተማሯቸው ልጆች ራሳቸው ማስተማር ጀምረው ነበር።

እንዲያውም ሊቀ ጳጳሱ አዲስ ነገር አልፈጠሩም። የገዳሙን ሕግ ነው ለዩኒቨርሲቲ ልጅ ያዋሉት። ሰው ሊመነኩስ ገዳም ቢገባ መጀመሪያ መጽሐፍ አይሰጡትም፤ እንስራ ነው የሚሰጡት። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይፈጫል፣ ለአረጋውያን ይላላካል። ረድእ ይባላል። እንዲህ እያለ ዓመታት ይቆያል፣ አበው ደግሞ ዝም ብለው ያዩታል። አገልግሎቱ ልቡን ሲያለሰልሰው ያኔ ቃሉ ይመጣል። የቆሎ ተማሪውም እንደዚያው ነው። በጎጃማችን ዋሸራም ይሁን ጎንጅ ቅኔ ሊቆጥር የሄደ ልጅ ለየኔታ እንጨት ሳይሸከም ያደረ የለም። እኛ አገር አገልግሎትና ትምህርት የተለያዩት የተማሪ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ከሆነ ወዲህ ነው። አሁን ደግሞ ልናገናኛቸው ስንሞክር በጎ ፈቃድ ብለን ሁለት ችግኝ ተክለን አሥር ፎቶ እንነሣለን። ችግኙን ማን እንደሚያጠጣው አይጠየቅም፤ የተከለውን ልጅ ማን እንደሚያጠጣውማ ጨርሶ።

ነገሩ በ1983 ዓ.ም. ተደገመ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተላኩ። ይኸኛው ጎጆ መሥሪያም አይደለም፤ ተኩስ መማሪያ ነው። እዚያም መሽቶ ሲነጋ የሚጸልዩ ተገኙ፤ የፓዌው ልማድ በየግቢው ቆይቶ ስለነበር አልከበዳቸውም። በግንቦት መንግሥቱ ሲወድቅ ካምፑ ተበተነ፣ በእግሩ ኬንያ የገባም ተማሪ አለ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1984 ዓ.ም.፣ እንደ ማኅበረ ሚካኤል ያሉ በየቅዱሳኑ ስም የተሰየሙ ትንንሽ የተማሪ ማኅበራት ተሰባስበው ማኅበረ ቅዱሳን ሆኑ፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ የሰንበት ትምህርት ቤቶች ማደራጃ መምሪያ ሥርም ታቀፉ። የማኅበሩ የኋላ ታሪክ፣ ክሱና ውዳሴው፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ።

ፓዌ ባዶ መሬት አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ አገር ነው። ከመሬት መሬት እየቀያየረ የሚያርስ፣ የሚያድን፣ ከዱሩ ማር የሚቆርጥ ሕዝብ ለሚኖርበት አገር ደገኛው «ባዶ» የሚል ስም ሰጠው። ጎጆው የተሠራበት እንጨት ከማን ደን ተቆረጠ? ሳሩስ ከማን ሜዳ ታጨደ? ሰፈራው ሲሰፋ፣ በጣሊያን ገንዘብ የመጣው የጣና በለስ ፕሮጀክት ደኑን በትራክተር ሲመነጥር፣ ጉሙዙ ወደ ዳር ተገፋ። እኔ ባነበብኋቸው የፓዌ ትረካዎች ውስጥ ተማሪው አለ፣ ሰፋሪው አለ፣ ወባው አለ። ጉሙዙ ግን የለም። ተማሪዎቹን ልወቅስ አይደለም፤ 20 ዓመታቸው ነው፣ የተላኩበትን ሥራ ሠሩ። ይህንን ታሪክ ስንተርክ የኖርነውን እኛን ግን እወቅሳለሁ። ጎረቤትን ማገልገል ነው ካልን ጎረቤቱ ሁለት ነበር፤ አንዱን ብቻ ነው ያየነው። ለእኛ ለአዊና ለጎጃም ሰዎች ደግሞ ከፓዌ በፊትም የቆየ ዕዳ አለብን። ከደጋው ባሪያ ፍለጋ ወደ ቆላው ይወርድ የነበረው ሰው የማን አያት ነው?

ያ ያላየነው ነገር ቆይቶ በደም ተመለሰ። ጥፋቱ የማንም ድሃ አልነበረም፤ የተከፈለው ግን በድሃ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰው መገደሉን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሳወቀ። በእነዚያ ወራት ጉሙዙም ሞቷል፣ አማራው፣ ሺናሻው፣ አገውና ኦሮሞውም ሞቷል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከመተከል ሸሽቶ ወደ ቻግኒ ወጣ። በ1977 ዓ.ም. ሰው ያስገባው መንገድ በ2013 ሰው አወጣበት።

እኔ በዚያ በጋ ቻግኒ ራንች የተባለው መጠለያ የሄድሁት ለአንድ ዘገባ ነው። ሁለት ቀን ብዬ ሄጄ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ማስታወሻ ደብተሬን ኪሴ ከትቼ ጆንያ ሳወርድ ነው ያገኘሁት ራሴን፤ ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ ቆሜ ማየት አሳፈረኝ። የከተማው ወጣት ሌሊት ተነሥቶ ቅንጬ ይቀቅላል፣ ውኃ ያመላልሳል፣ አረጋውያንን እየደገፈ ያስቀምጣል። እንደ አገራችን ወግ የእንግዳ እግር የሚያጥቡ ልጆች አይቻለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፣ ከመስጊድ የመጡ ነበሩ፣ ከሁለቱም ያልሆኑ ሥራ አጥ ልጆችም ነበሩ።

ከነዚህ ከኋለኞቹ አንዱ ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ ልጅ ነው። ጆንያ አብረን ስናወርድ ተግባባን። እስከዚያ ዓመት ድረስ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃት ለጥምቀት ታቦት ሲሸኝ ብቻ እንደነበረ አጫወተኝ። መጠለያው ውስጥ አንዲት እናት በእጁ ላይ አረፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውነቱ እንደማያርፍ፣ የንስሐ አባት መያዝ እንደሚፈልግ፣ ግን እንዴት ተብሎ እንደሚጠየቅ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሄዶም አንድ ካህን ጠይቆ ነበር፤ ካህኑ በዚያ ሰሞን የቀብር ብዛት ስለነበረባቸው ሌላ ቀን ተመለስ ብለውታል። አልፈረድሁባቸውም። ልጁ ሁለተኛ አልተመለሰም። እኔም ዝዋይን፣ ፓዌን፣ ይህን ሁሉ ታሪክ የማውቅ ሰው ሆኜ ሳለ እጁን ይዤ አንድ አባት ጋ አልወሰድሁትም። ዘገባዬን ጨርሼ መኪና ተሳፈርሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። ልጆች የተከፈተ ልባቸውን ይዘው የት እንደገቡ ሁላችሁም በየሰፈራችሁ ታውቃላችሁ። የእሱን ስልክ ደጋግሜ ደውያለሁ። አይሠራም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በ1977 ዓ.ም. ፓዌ ወይም ጋምቤላ ጎጆ ልትሠሩ የወረዳችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችን ዛሬ ስድሳውን አልፋችኋል። በምሥረታ በዓል ላይ ከሚነገረው አጭር ትረካ ውጭ ያለውን ንገሩን። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ማን ነበር «እንጸልይ» ያለው? የጉሙዝ ሰው አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ስትመለሱ መጀመሪያ ያነጋገራችሁት ካህን ማን ነው፣ ምን አላችሁ? ሳይቀበላችሁ የቀረም ካለ እሱንም ንገሩን፤ የተቀበላችሁትን ሰው ማወቅ የምንችለው ያኔ ነው። እዚሁ ቻናሉ ሥር ጻፉ፤ መጻፍ የሚያቅታችሁ ካላችሁም ልጆቻችሁ በድምፅ ይቅዱላችሁ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።

ጥሊሊ ላይ መኪናችሁ ቆሞ እንደሆነም ንገሩኝ። በልጅነቴ ታፔላ አነብበት የነበረው ቦታ ከዋናው መንገድ ዳር አሁንም አለ፤ አንድ ሰው ከዚያ ወርዶ ውኃ ጠጥቶ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኛል።